ከመጋረጃው ጀርባ የተረታው ቦርድሽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው አንሶላ ስታጥፊ የሚያብጠው እግርሽስ ረገብ አለ? ብርዱ ለቀቅ አደረገ ወይስ አሁንም በሁለት ካልሲ ነው የምትተኚው? ከታችሽ ያለችው ጎረቤት ኮቴሽ በዛ እያለች በር ማንኳኳቷን ተወች ወይስ ገና ልብ አልገዛችም? እንግዲህ ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ በየተራ ጠይቄሻለሁ፤ የዘለልኩት ጆሮሽን ብቻ ነው። እሱን የዘለልኩት ረስቼው አይደለም። የዛሬው ደብዳቤ በሙሉ የእሱ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። አባታችን መነጽሩን በቀን ሦስት ጊዜ ይጥላል፣ አራት ጊዜ ያገኛል፤ አራተኛው የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። እኔ ሆዴ ወደ ፊት፣ ፀጉሬ ወደ ኋላ እየሄዱ መሃል ላይ ጥለውኛል። ሱቁ እንዳለ አለ። ከፊት ያለው ክፍል በተሰበሩ ቴሌቪዥኖች ተሞልቷል፤ ከኋላ ያለው የሥራ ክፍላችን ደግሞ በእኔ። ጠረጴዛሽ ላይ ምንም አላስቀመጥኩም። ያስቀመጥኩ ዕለት አባታችን አንስቶ መሬት ላይ ስላደረገው ነው እንጂ ከጨዋነቴ አይደለም።

ያለፈው ደብዳቤሽ እንደወትሮው ከምሳ በኋላ ጮክ ተብሎ ተነበበ። በልብስ ማጠቢያው ውስጥ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ «ጆሮዬ በመጨረሻ ቋሚ ሥራ አገኘ፤ ሥራውም መደንቆር ነው» ያልሽው ላይ እናታችን ሳቀች። እኔም ለደንቡ ሳቅሁ። አባታችን ግን አልሳቀም። ከዚያ ዝቅ ብሎ የድምፅ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ እንዳለ፣ በየቀኑ በደጁ እንደምታልፊና አንገትሽን እንኳ እንደማታዞሪ ጽፈሻል። አንባቢው እኔ ነበርኩና እዚያ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ውሃ ጠጣሁ፤ ሌላ መስመር ፈልጌ ቀጠልኩ። መስመሩን ዘልዬው ነው እታለም። አባታችን በኋላ ራሱ ወስዶ አንብቦታል።

አንቺ ድምፅ ወዳለበት አንገትሽን የማታዞሪው ስለ እኔ ነው። ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ የማታውቂው ግማሹን ነው። ስለዚህ እንደ ችሎት ወጉ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ የምታውቂውን ስደግምብሽ ታገሺኝ።

የትያትር አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ የማያንሾካሹክ አምፕሊፋየር ሥሩልኝ ብሎ የመጣ ጊዜ፣ ጉልበቱን የሚሰጠውን ክፍል ሁለታችን አብረን ሠራነው። በእሱ አልተጣላንም። የተጣላነው በመግቢያው ነው፤ ድምፅ ገና ትንፋሽ ሆኖ በሚገባበት፣ ኦፕ-አምፕ የምንላት ባለ ስምንት እግር ቺፕ ተቀብላ በምታሳድግበት በዚያች የመዳፍ ስፋት ባላት ቦርድ። አንቺ ከሞተ ሬዲዮ የነቀልሻትን ተራ ቺፕ ይዘሽ፣ እያንዳንዱን ብየዳ እንደ ጤዛ ጠብታ እያሳመርሽ ቦርድሽን ሠራሽ። እኔ ደግሞ አራት ወር ጠብቄ ያስመጣኋትን፣ ስሟ ከእኔ ስም የሚረዝም ቺፕ ወርቅ በተቀቡ እግሮች ላይ አስቀመጥኳት። በዚያ ሰሞን በአጠገቧ ማንም እንዲያስነጥስ አልፈቅድም ነበር። እናታችን ስትጠርግ በሩቁ እንድትዞር አዝዤ «ታቦት አስገባህ እንዴ?» ተብያለሁ።

ሁለታችን የተስማማንበት ሕግ ግልጽ ነበር፤ ቦርዱ የተመረጠለት ሰው የአዳራሹን ሥራ ይይዛል፣ ስሙም በሣጥኑ ላይ ይጻፋል። አንቺ «የእኔ ከተመረጠ እዚሁ ቀርቼ የራሴን ሱቅ እከፍታለሁ፣ ካልተመረጠ የአክስታችን ልጅ በሩቅ ከተማ ያገኘችልኝን የልብስ ማጠቢያ ሥራ ይዤ እሄዳለሁ» አልሽ። እየሳቅሽ ነበር ያልሽው። ግን አንቺ እየሳቅሽ ያልሽውን ነገር ሳታደርጊ ቀርተሽ አታውቂም፤ እኔም አውቅ ነበር።

የፍርዱን ቀን አስቢው። የእናታችን የጠረጴዛ ልብስ በገመድ ተሰቅሎ መጋረጃ ሆነ። ከጀርባው አባታችን ሁለቱን ቦርዶች የምታቀያይረዋን ማብሪያ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ፤ እንዳይስል ተመከረ። ከፊት አራት ወንበር፤ አንቺ፣ እኔ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ አራተኛው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው። ልብስ ሰፊው ለምን እንደተጋበዘ ዛሬም አይገባኝም። አልተጋበዘም መሰለኝ፤ ወንበሩን ራሱ ይዞ ነው የመጣው።

ሁልጊዜ ለሙከራ የምንከፍታት ዘፋኝ በአንድ መሣሪያ ብቻ ታጅባ የምትዘፍነው ዘፈን አሥር ዙር ተሰማ፤ በየዙሩ አንድ ጊዜ በአንቺ ቦርድ፣ አንድ ጊዜ በእኔ፣ ቅደም ተከተሉን አባታችን ብቻ እያወቀ። እያንዳንዳችን የተሻለውን እንጽፋለን። ልብስ ሰፊው አንዱን ሐር፣ ሌላውን አቡጀዲ አለው፤ በአምስተኛው ዙር ደግሞ «ይሄኛው ጠርዙ አልተዘመዘመም» ብሎ በይኗል። እኔ በአንደኛው ላይ ጭጋግ አየሁ፤ ከዘፋኟ ኋላ ያለው ጸጥታ በሌላኛው ላይ ጠቁሮ ታየኝ። ጸጥታ ሲጠቁር አይቻለሁ ብዬ ሰው ፊት የተናገርኩ ሰው ነኝ፤ ማንም አምጥቶ ጠበል አልረጨኝም። ሥራ አስኪያጁ በሕይወቱ ከጭብጨባ በቀር በጥሞና የሰማው ነገር ስለሌለ ራሱን በመነቅነቅ ተባበረ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ምንም አልተናገርሽም። ትጽፊያለሽ፣ ወረቀቱን ትገለብጪያለሽ።

ወረቀቶቹ ሲገለጡ ሥራ አስኪያጁ ሰባት ጊዜ፣ ልብስ ሰፊው ስምንት ጊዜ፣ እኔ ዘጠኝ ጊዜ የእኔን ቦርድ መርጠን ተገኘን። አንቺ ከአሥር አሥሩን። ከአሥር አሥሩን የገዛ ቦርድሽን ጥለሽ የእኔን መርጠሻል። በዚህ መካከል እናታችን ከማድ ቤት የጠረጴዛ ልብሷ አሁን ሊመለስላት ይችል እንደሆነ ጠየቀች። አባታችን ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብሎ፣ «አንዱ ትንሽ ጮክ ይላል እንጂ ሌላ ምን ልዩነት አላቸው?» አለ። እኔ ባለ ድሉ፣ «ጆሮህም እንደ አንተ ጡረታ ይውጣ» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ ብቻ የአንቺ ሳቅ ቀድሞ አለቀ። ዕቃ ስንሰበስብ ለእኔ ብቻ እንዲህ አልሽኝ፤ «ሰው ቢጥለኝ እከራከር ነበር። የጣለኝ የገዛ ጆሮዬ ነው።»

እስከዚህ የምታውቂው ነው። የማታውቂው ግማሽ ይኸውልሽ።

ከሳምንት በኋላ አምፕሊፋየሩን አዳራሹ ውስጥ ልገጥም ሄድኩ። ከመድረኩ ጀርባ መሰላል ላይ ሆኜ ገመድ ላስገባ ክዳኑን ከፈትኩ። በላይኛው መስኮት የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ቦርዴ ላይ ወደቀች። የእኛ የሥራ ክፍል መብራት ጥቁርንና ጠቆር ያለ ቡናማን መንታ እንደሚያደርጋቸው ታውቂያለሽ፤ ፀሐይ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የላትም። ቺፗ ድምፁን ስንት እጥፍ እንደምታሳድግ የምትወስነዋ ሬዚስተር ልኳን የሚነግሩት የቀለም ቀለበቶቿ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ መሆን ነበረባቸው። ያየኋቸው ቡናማ፣ ቡናማ፣ ብርቱካናማ ናቸው። አሥር ሺህ ኦም በምትሆነው ቦታ አሥራ አንድ ሺዋን ከመሳቢያ አንስቼ በይጃታለሁ።

ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን በእኔ እጅ ተጽፎ ይቀመጥ። ያንቺ ቦርድ በአሥር ሺዋ ድምፁን አሥራ አንድ እጥፍ ያሳድግ ነበር፣ የእኔ በአሥራ አንድ ሺዋ አሥራ ሁለት። ትርፉ ይህ ነው። ሐሩም፣ ጭጋጉም፣ የጠቆረው ጸጥታም ይህቺው አንድ እጥፍ ናት። ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለን ድምፅ ከፍ ያለ ነው ብሎ አይሰማውም፤ የጠራ፣ የቀረበ፣ የተሻለ ነው ብሎ ነው የሚሰማው። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሁለት ድምፅ ከማወዳደርህ በፊት በቴስተር ለክተህ እኩል አድርግ ብለሽ ስንቴ ጮኸሽብኛል። የዚያን ቀን መለኪያ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያንቺን ለካሁ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። የእኔን ግን ከአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸው ብዬ ሳልለካ ያንኑ ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩት። አባታችን ጮክ ይላል ያለው እውነቱን ነበር።

ዘንድሮ ነው ያወቅሁት ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ግን ከመሰላሉ ላይ ክዳኑን መልሼ የከደንኩት አንቺ ልትሄጂ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀርሽ ነው። አሥራ ሦስት ቀን አንድ ገበታ ቀርበናል። በመጀመሪያው ቀን ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በሁለተኛው ሥራ አስኪያጁ ሠዓሊ አምጥቶ ስሜን በሣጥኑ ላይ በነጭ ቀለም አስጻፈ፤ ቀለሙ ይድረቅ አልኩ። በአራተኛው ቲኬትሽ ተቆረጠ፤ አሁን ብነግራት ልቧን ለሁለት መክፈል ነው ብዬ ለአንቺ አዘንኩ። እንዴት ያለሁ አዛኝ እንደነበርኩ ብታዪ ታለቅሺ ነበር። በስምንተኛው መበየጃሽን ጠርገሽ፣ ጫፉን አብርተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ እጄ ላይ አስቀመጥሽልኝ፤ አመሰግናለሁ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት የመጀመሪያው ቀን ጠርቶ ነበር፤ እኔ ነኝ አራት ዓመት ከዳመና በታች ያቆየሁት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዝም ማለቴ አይደለም፤ መናገሬ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገትሽን አውጥተሽ ጠራሽኝ። ገንዘቡን አደራ፣ እማዬን አደራ የምትይ መስሎኝ ቀረብሁ። «እውነቱን ንገረኝ፤ የእኔው ምን ጎደለው?» አልሽኝ። እያወቅሁ፣ ሬዚስተሯን በዓይኔ አይቼ፣ ሊቅ መስዬ ቅንድቤን ሰብስቤ፣ «ትንሽ ብርሃን» አልኩሽ።

ትንሽ ብርሃን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይህ ደግሞ ወለምታም አይደለም፣ ተጠንቅቄ የመረጥኩት ቃል ነው። አንቺ እንደ ተማሪ ራስሽን ነቀነቅሽ፤ ተቀበልሽኝ። አውቶቡሱ ሄደ። ያንን ቃል ይዘሽ ነው የሄድሽው፤ ከአንሶላው ጋር ስታጥፊው የኖርሽው እሱን ይመስለኛል።

ታዲያ ዛሬ ምን አስነሳህ ትዪኝ ይሆናል። ደብዳቤሽ ተነቦ ካበቃ በኋላ የዘለልኩትን መስመር ብቻዬን ደግሜ አነበብኩት። በዚያው ሳምንት የአዳራሹ አምፕሊፋየር አይጥ ገመዱን በልታበት ተመለሰ። ክዳኑን ስከፍት ያቺ ሬዚስተር እንዳለች አለች፤ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ እጥፍ ስትዋሽ አንድ ቀን እንኳ አልሞቃትም። ነቀልኳትና ትክክለኛዋን በየድኩ። ያንቺን ቦርድ ከመሳቢያሽ አወጣሁ። ሁለቱን በቴስተር ለክቼ ልክ ለልክ አደረግኳቸው፤ ዘንድሮ ሁለቱንም ለካሁ። ከዚያ አባታችንን ለምኜ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጥኩት። ልብስ ሰፊው እንደለመደው ወንበሩን ይዞ መጣ።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ሃያ ዙር ሰማን፤ የትኛው የማን ቦርድ እንደሆነ በጆሮ ብቻ ለመለየት። እኔ ዘጠኙን አገኘሁ። ሳንቲም ወርውሬ ብገምት ከዚህ አላንስም ነበር። ልብስ ሰፊው አሥራ ሁለቱን አግኝቶ ማሸነፉን ለመንደሩ አወጀ። ሳንቲምም ዕድል ከቀናት አሥራ ሁለት ታገኛለች ብዬ ባስረዳው፣ ሳንቲም ሱሪ አትሰፋም ብሎ ዘጋኝ። ቦርዶቹ አንድ ናቸው እታለም። ከሞተ ሬዲዮ የነቀልሻት ቺፕና አራት ወር የጠበቅኳት እመቤት፣ እኩል ሲደረጉ በእኛ ጆሮ አንድ ናቸው።

ልብስ ሰፊው ሲወጣ አባታችን ይህን ሁሉ ለምን እንደደከምኩ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥራ ሦስቱን ቀንም፣ የአውቶቡሱን መስኮትም። ይቆጣል ብዬ ትከሻዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የጠረጴዛውን ልብስ ከገመዱ አውርዶ ጠርዝ ከጠርዝ እያገጠመ ቀስ ብሎ አጠፈው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ ምን ላድርገው? ጆሮዋን ጥላ የሄደችው እሷ ናት።»

በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ። ውድድሩ የተበላሸ እንደነበረ፣ ያንቺ ቦርድ ምንም እንዳልጎደለው፣ እሱን አስገብቼ ስምሽን በሣጥኑ ላይ ላስጽፍ እንደምፈልግ ነገርኩት። ነገሩን ራሱን ዘንበል አድርጎ ከሰማ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች ጮክ በማለቱ ተጠቃሚ እንደነበሩና አሁን ቀነስክባቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ አንቺ ስነግረው፣ ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ናት? አለ። በቃ፣ አንቺ በእሱ ዘንድ ይህቺው ነሽ። ቦርዱን አልቀይርም፣ የሚሠራ ነገር አይነካም ብሎ አሰናበተኝ። ስንከራከር ውለን የፈቀደልኝ ስሜን እንድፍቅ ብቻ ነው። በምላጭ ፋቅሁት። አሁን ሣጥኑ ላይ የማንም ስም የለም፤ የተጫረ ብረት ብቻ ነው። ያስተካከልኩልሽ ነገር ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ አድርጌያለሁ ብዬ አልዋሽሽም።

አንድ ነገር ግን ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። ያን ቀን በሁለቱ ድምፆች መካከል የነበረው ልዩነት ከፀጉር የቀጠነ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሦስቴ ስቶታል። ልብስ ሰፊው ሁለቴ። እኔ አንዴ። አንድም ጊዜ ያልሳትሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አሥር ጊዜ ቀረበልሽ፣ አሥር ጊዜ ያዝሽው። ጆሮሽ አልጣለሽም። የነበረውን ነገር በትክክል ሰምቶ ነገረሽ፤ የሰማሽው ነገር ስሙ ጥራት ነው ብለን የዋሸንሽ እኛ ነን፣ ያወቅሁ ዕለት ደግሞ እኔ ብቻዬን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በአንቺ ላይ ግን ባዳ የሆነው ወንድምሽ ነው።

ተመለሺ ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ለማለት መብቱ የለኝም። ጠረጴዛሽ ይጠብቅሻል ብዬም አላባብልሽም፤ ጠረጴዛ ምን ያውቃል። አራት ዓመት ሄዷል፣ ወገብሽም አብሮት። የምለምንሽ አንድ ብቻ ነው፤ «ምንም አይደለም» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አውቅሻለሁ፣ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ምንም አይደለም ትያለሽ፤ ያንን ቃል ካየሁ ዳግመኛ ቀና ብዬ አልሄድም። ተቆጪኝ እታለም። ወረቀት እስኪቀደድ ተቆጪኝ። የሚገባኝን ስድብ ካጣሽ እናታችን ዘንድ ብዙ አለ።

እናታችን በጉንጭሽ ሁለት ጊዜ እንድስምልሽ አዛለች። ደብዳቤው ምን እንደያዘ አልነገርኳትም፤ የሥራ ጉዳይ ነው ስላት፣ የሥራ ጉዳይ እንዲህ ይረዝማል ወይ ብላ አንዴ አይታኛለች። ብርዱን ተጠንቀቂ፣ ባዶ ሆድሽን አትውጪ ትልሻለች። አክስታችን ልጇን ሳሚልኝ፣ ለምን እንደማትጽፍም ጠይቂልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊው ሰላምታውን ከነአሥራ ሁለቱ ይልካል። አባታችን ሰላምታ አልላከም። የአሥራ ሦስቱን ቀን ገጽ ከእጄ ወስዶ መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ መለሰልኝ፣ ከዚያ ጫማውን አሰረ። አሁን በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ፖስታ ቤት የሚወስደው እሱ ነው፤ አንተ ደግሞ ታቆየዋለህ ብሎ ለእኔ አይተወውም።

አንቺን በመበደሉ የማያርፍ ታናሽ ወንድምሽ

ከሱቁ የኋላ ክፍል
ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን